ለየትኛው ውጥረት የትኛው መላ? በጎጃም ለምንኖር የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሐሳብ የበዛበት ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «ወጣ ብለህ ነፋስ ተቀበል» ይለዋል፣ ሌላው ጸበል ያመላክተዋል፣ ሦስተኛው «ተወው፣ ሁሉም ያልፋል» ብሎ አረቄ ይጋብዘዋል፣ ፋርማሲ የሚሠራ ወዳጅ ያለው ደግሞ የእንቅልፍ ክኒን ስም ይዞ ይመለሳል። ከእነዚህ ምክሮች አንዳንዶቹ በቦታቸው ሲውሉ በእርግጥ ይጠቅማሉ፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ለአንዱ ዓይነት ውጥረት የሚሆነው መላ ለሌላው ሲታዘዝ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ለምን ዓይነት ችግር እንደሚሆን፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራና ምን እንደሚያስከፍል ለማነጻጸር እሞክራለሁ።

ልዩነቱን ያስተማረኝ ዕዳ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤት ለማደስ ብዬ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ቆርቆሮና ሚስማር በዱቤ ወሰድኩ። የመክፈያው ቀን ሲያልፍ በሱቁ ደጃፍ ማለፍ አሳፈረኝና ወደ መሥሪያ ቤት የምሄድበትን ቀጥተኛ መንገድ ትቼ በጭቃማው የጓሮ መንገድ መዞር ጀመርኩ። ዙሩ አሥር ደቂቃ ይጨምራል፤ ክረምት ላይ የጫማዬን ጭቃ ከቢሮው በር ላይ በእንጨት እየፋቅሁ ነበር የምገባው። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ ልጆች ድምፅ ባሰሙ ቁጥር እቆጣለሁ። ከስልክ ላይ ያገኘሁትን የትንፋሽ ልምምድ ማታ ማታ ስሠራ ለጥቂት ጊዜ እረጋጋለሁ፤ ጠዋት ግን ያው በጓሮ ነኝ። የትንፋሽ ልምምዱ ጥፋት አልነበረበትም፤ እኔ ግን ዕዳዬን እንዲከፍልልኝ እየጠበቅሁት ነበር።

ውጥረት ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

በተለመደው አነጋገራችን ውጥረት፣ ጭንቀትና ድብርት ይቀላቀላሉ፤ «ሐሳብ ገባኝ» የምትለው አንዲት ሐረግ ሦስቱንም ትሸፍናለች። መላ ለመምረጥ ግን መለየት ያስፈልጋል። ውጥረት ማለት ፈተና፣ ዕዳ፣ የድንበር ክርክር ወይም የዘመድ ሕመም የመሰለ ጫና ሲመጣ ሰውነትና አእምሮ የሚሰጡት ምላሽ ሲሆን፣ ጫናው ሲወገድ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይበርዳል። ጭንቀት በሕክምናው አነጋገር ምክንያቱ ካለፈ በኋላ፣ ወይም ይህ ነው የሚባል ምክንያት ሳይኖር፣ የሚቀጥል ስጋት ነው። ድብርት ደግሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙን ሲያጣ፣ ጉልበት ሲከዳና ተስፋ ሲጨልም የሚታወቅ ሕመም ነው። አንዱ ሲረዝም ወደ ሌላው ሊያመራ ቢችልም መላቸው አንድ አይደለም።

የመጀመሪያውን ለማወቅ ከደጀን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ በአውቶብስ መውረድ ይበቃል። መኪናው በገደሉ አፋፍ ላይ ሲታጠፍ መዳፍ ያልባል፣ አፍ ይደርቃል፣ ልብ ይመታል። ይህን የሚያደርጉት ነርቮችና ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ናቸው። አንጎል አደጋ መጣ ብሎ ሲፈርድ ዕጢዎቹ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን በቅጽበት ይለቃሉ፣ ከደቂቃዎች በኋላም ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ጨምረው ስኳር ወደ ደም እንዲወጣና ጉልበት እንዲገኝ ያደርጋሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ካነን በ1915 እ.ኤ.አ. ይህን ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ የሚያደርገው ዝግጅት አድርጎ ገልጾታል። ተሳፋሪው ጎሃ ጽዮን ደርሶ ሻይ ሲያዝ ሁሉም ይረግባል፤ ጉዳትም አያስከትልም።

ጉዳቱ የሚጀምረው በረሃው አላልቅ ሲል ነው። ከወንድሙ ጋር በአንድ ጥማድ መሬት ተካስሶ ሦስት ዓመት በቀጠሮ የሚመላለስ ገበሬ ሰውነቱ ከዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አልወረደም። በሃንጋሪ ያደገውና በካናዳ የሠራው ሐንስ ሴልዬ በ1936 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጭር ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው። አይጦችን በብርድ፣ በድካም፣ በመርዝ በየተራ ሲያስጨንቃቸው፣ ምክንያቱ ቢለያይም ሰውነታቸው የሚሰጠው ምላሽ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው፤ ጫናው ሲረዝም ደግሞ የመቋቋም አቅማቸው ተሟጠጠ። በሰው ላይ ይህ በእንቅልፍ መቆራረጥ፣ በአንገትና በትከሻ ጡንቻ መወጠር፣ በራስ ምታት፣ በመርሳትና በቁጣ ይታያል፤ የደም ግፊትንና የልብ ሕመምን ዕድልም ይጨምራል። ደም ግፊት ደግሞ ራሱን ስለማያሳውቅ መለካት እንጂ መገመት አይሠራም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በተለይ ለእኛ አገር ሰው መነገር አለባቸው። የመጀመሪያው ጨጓራ ነው። «ጨጓራዬን ያመጣብኝ ሐሳብ ነው» የማይል ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ ነገር ግን አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን አብዛኛውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳይተው በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ውጥረት ሕመሙን ያባብሰዋል፤ ባክቴሪያውን የሚያጠፋው ግን በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው እንቅርት ነው። አዮዲን በሚያንስበት ደጋ አገር እንቅርት የታወቀ ነው፤ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ሲበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይከሳል፣ እንቅልፍ ያጣል። ከላይ ሲያዩት ጭንቀት ነው፤ በደም ምርመራ ግን ይለያል። ስለዚህ ያለ ግልጽ ምክንያት የመጣ ጭንቀት በመጀመሪያ የሚፈልገው ምርመራ ነው፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ውጥረትን የመቋቋሚያ መንገዶችን በሁለት ከፍለዋቸዋል፤ አንደኛው ችግሩን ራሱን የሚነካ፣ ሌላው ችግሩ የሚቀሰቅሰውን ስሜት የሚያበርድ። የምርጫው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምንጩን መለወጥ የሚቻል ከሆነ ስሜትን ብቻ ማብረድ ጊዜ መግዛት ነው፤ ምንጩ የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ ችግሩን ካልፈታሁ ብሎ መታገል ራሱ ሌላ ድካም ይሆናል።

ይህን ለማወቅ እኔን የረዳኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ አሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሦስት ረድፍ አሰመርኩ፤ በመጀመሪያው ያስጨነቀኝን፣ በሁለተኛው በእጄ ያለውን፣ በሦስተኛው በእጄ የሌለውን። በመጀመሪያው ረድፍ ዘጠኝ ነገሮች ቢኖሩም አምስቱ የዚያው ዕዳ ዘሮች ነበሩ። በሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ መሥመር ብቻ ተጻፈ፦ «ሄዶ ማነጋገር»። ሰኞ ጠዋት በቀጥተኛው መንገድ ሄጄ ከሱቁ ገባሁና «ጋሼ፣ ሙሉውን አሁን አልችልም፤ በየወሩ እየቆረጥኩ ልክፈል» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «ብሩማ ይመጣል፤ እኔን ያሳሰበኝ መጥፋትህ ነው» አሉኝ። ዕዳው ከስምንት ወር በኋላ ነው ያለቀው፤ እንቅልፌ ግን በዚያው ሳምንት ተመለሰ።

ሁሉም አበዳሪ እንዲህ አይደለም፤ የወለድ አራጣ ያለበት ሰው ሽማግሌ ይዞ መሄድ ይኖርበታል። የድንበር ክርክርም ቢሆን ሁለት መንገድ አለው። ፍርድ ቤት ውሳኔው የጸና ነው፣ የይዞታ ደብተርና ምስክር ላለው ሰውም አስተማማኝ ነው፤ ይሁን እንጂ ረጅም ነው፣ ያሸነፈውም ሰው በማግስቱ ከተሸነፈው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ወንዝ ውኃ ይቀዳል። ሽምግልና ፈጣን ነው፣ ዝምድናን ያተርፋል፤ ነገር ግን ደካማው ወገን፣ በተለይም ባሏ የሞተባት ሴት፣ «ለሰላም ሲባል» መብቷን እንድትተው ልትገፋ ትችላለች። ከውጥረት አንጻር ብቻ ከተመዘነ አቅማቸው የተመጣጠነ ሁለት ወንድማማቾች በሽምግልና ቢጀምሩ ይሻላል፤ አቅሙ ካልተመጣጠነ ግን የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ የሚያመጣው ድካም ከተበዳይነት ድካም ያንሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ባለ ሥዕል የውጥረት መመሪያ ለማንኛውም አስቸጋሪ ሁኔታ ሦስት መንገዶች እንዳሉ ይናገራል፤ ትቶ መሄድ፣ የሚለወጠውን ለውጦ የማይለወጠውን ሕመም ተቀብሎ በራስ እሴት መኖር፣ ወይም እጅ ሰጥቶ ከእሴት መራቅ። እኔ በጓሮ ስዞር የነበርኩት በሦስተኛው ላይ ነው።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

ትንፋሽን ማዘግየት ከሁሉም ፈጣኑና ምንም የማያስከፍለው ነው። አየርን በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ አስገብቶ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት በደቂቃ ስድስት ያህል ትንፋሽ ይሆናል፤ ማስወጫው ሲረዝም ቫገስ በተባለው ነርቭ በኩል የልብ ምት ይቀንሳል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ለፈተና አዳራሽ፣ ለስብሰባ፣ ክፉ ዜና ለተሰማበት ቅጽበት የሚተካከለው የለም። ለዕዳና ለክርክር ግን ከላይ እንዳልኩት መንደርደሪያ ብቻ ነው፤ ተረጋግቶ ወረቀቱን ለማውጣት ያግዛል፣ ወረቀቱን አይተካም።

ሰውነትን ማንቀሳቀስ ዘግይቶ ይሠራል፣ ውጤቱ ግን ረዘም ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ባሕር ዳር ላይ የጣና ዳር መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ይህ ምክር የተነገረው ግን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ነው። ሲያርስ፣ ሲያጭድና ሲወቃ ለሚውል የቢቸና ገበሬ፣ ወይም እንጨትና ውኃ ተሸክማ ለምትመላለስ እናት «ስፖርት ሥሪ» ማለት ስላቅ ነው፤ ለእነርሱ የጎደለው ዕረፍት ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ወንፈልና ደቦ ከማንኛውም ልምምድ ይበልጣሉ፤ ሥራውን ይከፍላሉ፣ ጨዋታም ይጨምራሉ።

መነጋገር ከአማራጮቹ ሁሉ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ነው፣ ምክንያቱም የሚወሰነው በሰሚው ነው። ቡና ላይ ከአቦል እስከ በረካ የሚነገረው ነገር ብቸኝነትን ያቀላል፤ ሆኖም ጀበናው ዙሪያ የተነገረ ምስጢር ማምሻውን መንደሩን ያዳርሳል። የነፍስ አባት ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ጸጸትና በደል ለሚከብደው ሰው ከእርሱ የተሻለ ሰሚ አላውቅም፤ የገንዘብ ወይም የጋብቻ ጉዳይ በየዝርዝሩ እንዲፈታ መጠበቅ ግን ከድርሻው ውጭ መጫን ይሆናል። እድር ሐዘን ሲደርስ አቻ የለውም። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ሰዉን ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛውንም ብቻውን አያሳድርም። ጉድለቱ ከለቅሶው ቀናት በኋላ ነው፤ ድንኳኑ ሲፈርስ ሰው ይበተናል፣ ከባዱ ሐዘን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በአርባውና በሰማንያው መካከል ባሉት ቀናት ኀዘንተኛ ቤት ብቅ ማለት ከመጀመሪያው ቀን ግርግር የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል። ሰሚን ለመምረጥ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ከጉዳዩ ጥቅም የሌለው፣ ከዚህ በፊት የሌላ ሰው ምስጢር ሲያወራልኝ ሰምቼው የማላውቅ፣ ደግሞም «ታዲያ ምን ልታደርግ አሰብህ?» ብሎ የሚጠይቅ። ይህ የመጨረሻው አስፈላጊ ነው፤ አንዱን ብሶት በየቀኑ ደጋግሞ ማውራት ያለ ውሳኔ ሲሆን ቁስሉን እንዳይድን ያደርገዋል።

ጸሎትና ጸበል ለምእመኑ ትርጉም፣ ሥርዓትና ከሌሎች ጋር መሆንን ይሰጣሉ፤ በሰው አቅም ለማይለወጥ ነገር፣ ለሞትና ለማይድን ሕመም፣ ከእነዚህ የቀረበ መጽናኛ የለንም። ከሕክምና ጋር የሚጋጩበት ምክንያትም አይታየኝም። የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጸበል ሲገቡ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ።

አደጋው እውነተኛ በሆነበት ጊዜስ? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር ኖሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጆሮን አቁሞ ማደር ሕመም አይደለም፤ ሰውነት ሥራውን እየሠራ ነው። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ወሬን መመጠን ነው። ቀኑን ሙሉ ከሚናፈስ ወሬ ይልቅ በቀን አንዴ ከሚታመን ሰው መስማት፣ ከዘመድ ጋር የሚደወልበትን ሰዓት መቁረጥ፣ የልጆችን የምግብና የመኝታ ሰዓት እንደ ወትሮው መጠበቅ። «አይዞህ፣ ምንም የለም» ከሚለው ማባበያ ይልቅ ለልጅ የሚጠቅመው ያለውን በዕድሜው ልክ መንገር ነው።

ዋጋቸው በኋላ የሚከፈል መላዎች

ቡና ላይ ፍርድ መስጠት ከባድ ነው፤ በተለይ የዘጌ ቡና ከቀረበ። ስብሰባው ያረጋጋል፣ ካፌይኑ ግን ይቀሰቅሳል። በብዙ አዋቂ ሰው ላይ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ግማሹ ገና በደም ውስጥ ነው። እንቅልፍ ለሚያስቸግረው ሰው የጠዋቱን ጠጥቶ ማታ ሲኒውን ትቶ ቆሎውን ብቻ መቆርጠም ከስብሰባው ሳይቀሩ የሚደረግ ማስታረቂያ ነው።

አረቄ እንቅልፍ ያመጣል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ቶሎ ያስተኛል፤ በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ሰውየውም ንጋት ላይ ልቡ እየመታ ይነቃል። ያን ጊዜ የተነሣበትን ስጋት ለማስታገስ በማግስቱ መጠኑን ይጨምራል። በባሕር ዳር ዙሪያ የሚበቅለው ጫት ደግሞ ካቲኖን የተባለውን አነቃቂ ይዟል፤ አምፌታሚን የተባለው ኃይለኛ አነቃቂ ዘመድ ነው። ውጥረት ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ ቀድሞውኑ ነቅቷል፣ ጫቱ በዚያ ላይ ይጨምርበታል፤ ከምርቃናው በኋላ ያለው ድካምና መከፋት ከመነሻው የባሰ ነው። ከሁለቱም የከፋው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ዲያዜፓም የተባለው የማረጋጊያ ክኒን ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምደዋል፣ ሲቋረጥም በድንገት መሆን የለበትም።

ወደ ጤና ተቋም መቼ?

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ሥራ መሥራት ካልተቻለ፣ ልብ ያለ ምክንያት በድንገት እየመታ ሞት የቀረበ ከመሰለ፣ ወይም ሰው መኖሩ ትርጉም ካጣበት የቤት መላ አብቅቷል። መጀመሪያ በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ደብረ ማርቆስ ላይ ያለው ሆስፒታልና በባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ። ሰውን ከሕክምና የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ በአዲስ አበባው የአእምሮ ሆስፒታል ስም «አማኑኤል ገባ» የሚለው ሐሜት ነው፤ የማቻከሏ አማኑኤል ከተማ ስላለችን ለቀልድ ቢመቸንም፣ በዚህ ሐሜት ምክንያት ሰው ሕመሙን ለዓመታት ይደብቃል።

ሕክምና ሲባል ክኒን ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው አምስት ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ያለው የምክር ዘዴ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያልሆነ፣ የሠለጠነ ሰው ሊሰጠው የሚችል ነው፤ በትንፋሽ ይጀምራል፣ ችግርን ወደ መፍታት ይሄዳል፣ ወደ ተተወ ሥራና ጨዋታ ይመልሳል፣ ከዚያም የሚደግፍ ሰው ያፈላልጋል። ለድብርት የሚታዘዙ መድኃኒቶች ደግሞ ውጤታቸው እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጣቸው ሊሠሩ ሲቃረቡ ነው።

ስለ ሞት የሚያወራ ሰው ካለ ብቻውን አይተውም፤ በቀጥታ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፣ ይልቁንም ለመናገር በር ይከፍትለታል። በገጠር ቤት የአረምና የተባይ መድኃኒት ከአልጋ ሥር ወይም ከጎተራ አጠገብ ይቀመጣል፤ እንዲህ ያለው ቀን ሳይመጣ በፊት በቁልፍ ሣጥን ማኖር ወይም ከቤት ማራቅ ሕይወት ያተርፋል። ወደ ሐኪም ሲሄዱም የሚወስዷቸውን ክኒኖች ከነማሸጊያቸው፣ የባህል መድኃኒት ካለም ስሙን፣ በቀን የሚጠጡትን የቡና ሲኒ ቁጥርና ሌሊት የሚነቁበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ መያዝ ይጠቅማል፤ ተራው ሲደርስ ሁሉም ይረሳል።